ፕላስቲኩን ንቀሉ፣ ላባ ለጥፉ!

ስሙኝማ! ቀስት ያላችሁ፣ ቀስት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀስት በፊልም ብቻ ያያችሁ፣ ሁላችሁም ስሙኝ! የእንጨት ቀስት ከያዛችሁ ፍላጻችሁ ጭራ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ዛሬውኑ ንቀሉት። ላባ ለጥፉበት። የእውነት ላባ! የወፍ ላባ! ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ቆይ ግን መጀመሪያ ልተንፍስ!

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚህ አጋዘን በየሰው ጓሮ ነው የሚዞረው፤ ጽጌረዳ ሲበላ ዓይንህን እያየ ነው! አንዳንድ ከተሞችማ ብዛቱ ስላስቸገራቸው ነዋሪው በቀስት እንዲያድን የከተማ አደን ወቅት አላቸው። ዋናው የቀስት ወቅት ደግሞ በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይከፈታል። ቅጠሉ ቀይ! ቢጫ! አየሩ ቀዝቀዝ ያለ! ጎሕ ሳይቀድ ጫካ ገብቶ ዛፍ ተደግፎ መቀመጥ! (የአጋዘን ጥብስ በጥብስ ቅጠል ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ አሁን አታስጀምሩኝ።)

እና አዳኞቹን በጣም የሚያጨቃጭቃቸው ነገር ምን መሰላችሁ? የቀስቱ ዓይነት? የስለቱ ዓይነት? ኧረ የለም! የፍላጻው ጭራ ነው! ላባ ወይስ ፕላስቲክ? አንዱን ነካ አድርጋችሁ ጠይቁትና እዩ፤ ጭቅጭቁ ከቡናና ከጊዮርጊስ ደጋፊ አይተናነስም! እኔ አሁን ወገኔን ለይቻለሁ። ለይቼም ጨርሻለሁ!

ለማያውቅ ልንገር። ፍላጻ ፊቱ ላይ ስለት አለው፣ ወገቡ ዘንግ ነው፣ ጭራው ላይ ሦስት ትንንሽ ክንፎች አሉት። መሪዎቹ እነሱ ናቸው! እነሱ ከሌሉ ፍላጻው አየር ላይ ይዋልላል፣ ጎኑን ይሰጣል፣ የትም ሄዶ ይወድቃል። ክንፎቹ አየሩን ሲይዙት ጭራው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጭራው ኋላ ሲቀር አፍንጫው ቀጥ ይላል። በቃ! ይህን ሁሉ የምትሠራው ከጣቴ እምብዛም የማትረዝም ሦስት ቁራጭ ናት!

ሱቅ ሄዳችሁ ፍላጻ ስትገዙ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። የእኔም እንደዚያ ነበር። መለማመጃ ሜዳችን ላይ ግን አንድ ሽማግሌ አሉ። ፈረንጅ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አሁን አሁን ሌላውም ሰው ጋሼ ሲላቸው አቤት ይላሉ! እኒህ ጋሼ ከኮሮጇቸው አንድ ፍላጻ መዘዙና ሰጡኝ። ጭራው ላይ ሁለት ነጭ ላባ፣ አንድ ደማቅ ቢጫ ላባ። "እስቲ ይቺን ልቀቂያት" አሉኝ።

ለቀቅኳት!

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ፍርርርር የሚል ድምፅ! ቢጫዋ ላባ ስትሽከረከር ትታየኛለች! እየሾረች፣ እየሾረች፣ አንዴም ጭራዋን ሳትወዘውዝ፣ ድው! መሐል! እጄ ላይ ያለው ቀስት የራሴ ነው፣ ክንዴ የራሴ ነው፣ ፍላጻዋ ግን ሌላ ፍጥረት ናት! ጮኽኩ። እውነቴን ነው፣ ጮኽኩ! ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሼ ብቻ አልዞሩም፤ ፈገግ ብለው ሁለተኛዋን እየመዘዙ ነበር።

ቆይ፣ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ስትሰሙ ደግሞ ታብዳላችሁ!

የእኔ ቀስት ሪከርቭ የሚባለው የእንጨት ቀስት ነው። ፍላጻው የሚያርፈው እዚያው እንጨቱ ላይ በተፈለፈለች ትንሽዬ መደርደሪያ ላይ ነው። አውታሩን በጣት ነው የምስበው። አውታሩ ከጣቴ ሲያመልጥ ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ፍላጻው ከኋላ በኃይል ሲገፋ ደግሞ ይለመጣል። አዎ፣ ይጎብጣል! ያ ቀጥ ያለ የሚመስላችሁ ዘንግ ተጣሞ፣ የቀስቱን እንጨት ዞሮ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ነው የሚወጣው! በዝግታ የተቀረጸ ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩ። እዩ ብያለሁ! እንዲህ እየተጣመመ ቀጥ ብሎ መድረሱ ራሱ ተአምር ነው።

አሁን ክንፎቹ ያንን እንጨት ታክከው ነው የሚያልፉት። ፕላስቲክ ሲታከክ ምን ያደርጋል? ድርቅ ይላል! እንጨቱን ይገፋል፣ እንጨቱም መልሶ ይገፋዋል፣ ጭራው ተወርውሮ ወደ ጎን ይሄዳል። ላባስ? ላባ ተኛ! ጭፍልቅ ብሎ ይተኛል፣ ሹልክ ብሎ ያልፋል፣ እንጨቱን እንዳለፈ ብድግ! እንዳልነካ! ምንም እንዳልሆነ! ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ነው ይህ ሁሉ የሚያልቀው። እንዴት አይወደድም? ንገሩኛ!

ገና ነኝ! ክብደቱ! ኧረ ክብደቱ! መዳፋችሁ ላይ አድርጉት፤ ምንም የለም! አምስት ኢንች ርዝመት ያላቸው ሦስት ላባዎች ተደምረው ግማሽ ግራም አካባቢ ናቸው። ግማሽ ግራም! ያን ያህል የሚረዝም ፕላስቲክ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ጭራው ሲቀል ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ወደ ስለቱ ይሰበሰባል፤ ፊቱ የከበደ ፍላጻ ደግሞ ቶሎ ቀጥ ይላል። ገና ከቀስቱ ሲወጣም ፈጠን ይላል። በዚያ ላይ ላባ ሻካራ ነው። ያ ሸካራነቱ አየሩን ጨምድዶ ይይዝና የተወዛወዘውን ጭራ ወዲያው ጸጥ ያሰኘዋል። እኛ በእንጨት ቀስት የምናድን ሰዎች አጋዘኑን ሃያ ያርድ ውስጥ እስኪገባ ነው የምንጠብቀው። ስለዚህ ፍላጻው ቀጥ የሚልበት ሰፊ ቦታ የለውም። አሁኑኑ ቀጥ ማለት አለበት! ላባ ይላል! ቀጥ!

እና የአደኑ ስለት! ለመለማመጃ የምንጠቀመው ጫፍ ትንሽዬ ሹል ነገር ነው፤ የአደኑ ግን ሰፋፊ ምላጭ አለው። እነዚያ ምላጮች ፊት ለፊት ሆነው አየሩን ሲቀዝፉ ፍላጻውን እነሱ ወደፈለጉት ሊነዱት ይሞክራሉ። ከፊት አንድ መሪ፣ ከኋላ አንድ መሪ! ማን ያሸንፋል? ላባው ነዋ! አምስት ኢንች ጠመዝማዛ ላባ ከኋላ ይዞት ምላጩ ወዴት ይሄዳል? የትም! የአደን ስለቴን አስገብቼ ስለቅ እዚያው የመለማመጃው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ገብቶ ቁጭ! ዘለልኩ! በእግዜር፣ ዘለልኩ!

እሺ፣ አሁን ላባውን ራሱን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። አንድ ላባ ያዙና መሐሉን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። አይዟችሁ፣ ሰንጥቁት! ተከፈለ አይደል? በጣም ያስጠላል አይደል? አሁን ከሥሩ ይዛችሁ በሁለት ጣት ወደ ላይ ዳበስ፣ ዳበስ አድርጉት። ገጠመ! ጠባሳ የለ፣ ምንም የለ! እያንዳንዷ ቀጭን ፀጉር በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች አሏት፤ ጎን ለጎን ካለችው ጋር ትያያዛለች፣ ትላቀቃለች፣ ደግሞ ትያያዛለች። ወፏ በአፏ ላባዋን ስታስተካክል የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው! ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እሰነጥቃለሁ፣ እገጥማለሁ፣ እሰነጥቃለሁ፣ እገጥማለሁ። ጓደኛዬ ቡና ልትጠጣ መጥታ "አንቺ፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ። አንዱን ላባ ሰጠኋት። ቡናው ቀዘቀዘባት!

እንፋሎቱን ልንገራችሁ? ከሁሉም ያሳበደኝ ይሄ ነው! ላባው ኮሮጆ ውስጥ ተጨፍልቆ፣ መኪና ውስጥ ሌላ ዕቃ ወድቆበት፣ ተጣሞ ተጣጥፎ ታገኙታላችሁ። ሞተ ብላችሁ ታዝናላችሁ። ማንቆርቆሪያ ጣዱ! ውኃው ሲፈላ የፍላጻውን ጭራ እንፋሎቱ ላይ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። እዩት! እዩት! ይነሣል! የተጣጠፈው ይዘረጋል፣ የተኛው ይቆማል፣ ዓይናችሁ እያየ ወደ ድሮ ቅርጹ ይመለሳል!  ላባ ከሙታን ይነሣል! ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የማን ላባ ነው ለምትሉ፣ የተርኪ ነው! ያ ታንክስጊቪንግ ላይ ጠረጴዛውን የሚሞላው ግዙፍ ወፍ! ሥጋው ሲበላ የክንፉ ላባ ለእኛ ይተርፋል። ለእርባታ የሚውሉት ነጭ ስለሆኑ ላባው የፈለጋችሁትን ቀለም ይቀባል፤ ቀይ በሉ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሮዝ! እኔ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ለጥፌ ሜዳ ስገባ ማየት ነበረባችሁ! የዱር ተርኪው ላባ ደግሞ በቡናማና በነጭ የተሸለመ ነው። በጣም የሚያምር! በጣም! የንስር፣ የጭልፊት፣ የጉጉት ላባ አሜሪካ ውስጥ ከመሬት አንስቶ መያዝ እንኳ ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ ጥብቅ ነው። ምን ቸገረን! ተርኪ እያለልን!

ይሄን ደግሞ ስሙ። ወፍ ግራና ቀኝ ክንፍ አላት አይደል? የግራ ክንፍ ላባና የቀኝ ክንፍ ላባ የሚጎብጡት ወደየራሳቸው አቅጣጫ ነው! ስለዚህ አንድ ፍላጻ ላይ ሦስቱም የግራ፣ ወይም ሦስቱም የቀኝ መሆን አለባቸው። የቀኙ ፍላጻውን ወደ ቀኝ ያሾረዋል፣ የግራው ወደ ግራ። ሁለቱም እኩል ይሄዳሉ፤ መቀላቀል ብቻ የለም። እኔ የቀኝ ነኝ! ሱቅ ገብቼ "የቀኝ ክንፍ ስጡኝ" ስል የሚሰማኝ ኩራት! ምን ላድርግ!

እና ይህ ሁሉ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ ደርቆ የተገኘውን ሰው ታውቁታላችሁ? ኦትዚ! ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ ሰው! ኮሮጆው ውስጥ 14 ፍላጻ ነበረው፤ ያለቀላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። እነዚያ ሁለቱ ምን አላቸው? ሦስት፣ ሦስት ላባ! በዛፍ ሬንጅ ተለጥፎ፣ ከሳማ በተፈተለ ቀጭን ክር ተጠምጥሞ! ከሳማ ክር! እኔ ዛሬ ማስቲሽ ቀብቼ የላባውን ጫፍ በክር ስጠመጥም ያ ሰውዬ የሠራውን ነው የምሠራው! (እሱን ራሱን የገደለውም ትከሻው ላይ የገባ ፍላጻ ነው። ምስኪን!)

እንግሊዞቹማ አብደውበታል! ሄንሪ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1415 አዠንኩር ላይ ፈረንሳይን በቀስተኞቹ ካርበደበደ በኋላ፣ በ1417 ከእያንዳንዱ ዝይ ስድስት ስድስት ላባ ተነቅሎ እንዲገባ አዘዘ። የንጉሥ ትእዛዝ! ለዝይ! እ.ኤ.አ. በ1545 ደግሞ ሮጀር አስካም የሚባል ሰው "ቶክሶፊለስ" የሚል የቀስት መጽሐፍ ጽፎ የዝይን ላባ ሲያወድስ ሲያወድስ አይጠግብም። ኋላ የንግሥት ኤልሳቤጥ አስተማሪ የሆነው ሰውዬ ነው! የተማረ ሰው! ላባ እንደ እኔ ያሳበደው ሰው ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊትም ነበረ ማለት ነው። ተመስገን!

ዝናብስ የሚለኝ አይጠፋም። ሁልጊዜ አንድ አለ! ዱቄት አለላችሁ! ውኃ የማያስነካ ነጭ ልም ዱቄት ነው፤ ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ ላይ የሚያስሯት የላባ ዝንብ እንዳትሰምጥ የሚነሰንሱት ዓይነት። ከረጢት ውስጥ ጨምሩት፣ የፍላጻውን ጭራ ክተቱና ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጉት፣ አውጡና እፍ በሉበት። ከዚያ ቧንቧ ክፈቱበት! ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል! ላባው ደረቅ! እኔ ውኃውን ከፍቼ ጠብታው ሲንከባለል እያየሁ ስንት ውኃ እንደፈሰሰ እንጃ።

መለጠፉ ራሱ ደስታ ነው! መያዣ መሣሪያ አለ፤ ፍላጻውን ታስገቡበታላችሁ፣ ላባውን በመቆንጠጫው ትይዛላችሁ፣ የላባው አጥንት ላይ ማስቲሽ በስሱ ትቀባላችሁ፣ ጠምዘዝ አድርጎ ያስቀምጥላችኋል። ትጠብቃላችሁ። ቀጭ አድርጋችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ሁለተኛው። ቀጭ፣ ሦስተኛው! አንዱ ላባ ቀለሙ ይለይ፤ አውታሩ ላይ ስትሰኩ እሱ ከቀስቱ ወደ ውጭ እንዲመለከት ነው። በጨለማ ጫካ ውስጥ ዓይናችሁ ወዲያው ያገኘዋል። በመጨረሻ ፊት ለፊት ያለችውን የላባ ጫፍ በክር ጠምጥሙ፣ አንድ ጠብታ ማስቲሽ ጣል አድርጉባት። አለቀ! የራሳችሁ ፍላጻ! በእጃችሁ የተሠራ!

ቅርጹን ራሳችሁ ማውጣት ከፈለጋችሁማ ሙሉውን ላባ ገዝታችሁ በጋለ ሽቦ መተኮስ ትችላላችሁ። ሽቦው ይቀላል፣ ፍላጻውን ታዞሩታላችሁ፣ ጭስ! ትር ትር! ቅርጹ ወጣ! ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ነው፤ ሰፈሩን ያናውጣል! እኔ በረንዳ ላይ ነው የምተኩሰው። ጎረቤቴ መስኮቷን ድርግም አድርጋ ዘጋች። ትዝጋ! ላባዬ አምሯል!

ኮምፓውንድ የያዛችሁ፣ ያ ባለመዘውሩ ቀስት፣ ፍላጻው ሲወጣ ማረፊያው ወድቆ መንገድ የሚለቅላችሁ፣ ሁለት ኢንች ፕላስቲክ ለጥፋችሁ ሩቅ የምትመቱ፣ እናንተ ፕላስቲካችሁን ያዙ፣ ይመቻችሁ። እንጨት ቀስት ላይ ግን፣ ከመደርደሪያው ላይ በጣት ለሚለቅ ሰው፣ ጥያቄ የለውም! የለውም! ላባ ነው!

እንግዲህ ዛሬ ማታ እዘዙ። አምስት ኢንች፣ የቀኝ ክንፍ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንዱ የተለየ። ማስቲሽ፣ ክር፣ ዱቄቱን አትርሱ። መጀመሪያ አንድ ፍላጻ ላይ ብቻ ለጥፉ፤ ያንን ከፕላስቲኩ ጎን አድርጋችሁ እያፈራረቃችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ዒላማው ድረስ ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩት። ኦክቶበር ሳይገባ!